ቅርፊት የሌለው ዓሣ

በተፈጥሮዬ ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። እናቴ «አንቺን ለማስደንገጥ ቤት መፍረስ አለበት» ትለኝ ነበር። ሆኖም አንድ ዓሣ በሕይወቴ ደጋግሞ አስደንግጦኛል፤ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ልቤ ድንግጥ ይላል። ዓሣው በአማርኛ ስም የለውም። ፈረንሳዮች ሙሬን ይሉታል። እንደ ሰው የሚረዝም፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል፣ አንዳንዱም ጭን የሚያህል፣ በባሕር ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተሸጉጦ ጭንቅላቱን ብቻ የሚያወጣ ፍጥረት ነው። አማርኛ የሚናገረው የጅቡቲ ሰው ሲቸግረው «የባሕር እባብ» ብሎ ይገላገላል። እባብ ግን አይደለም፤ መልኩ ያሳማው ዓሣ ነው።

የእኛ ቤት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ነው። አባቴና እናቴ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። አባቴ ከወደብ ሩዝ፣ ቴምርና የዱቄት ወተት እያነሳ ወደ ድሬዳዋ ይልክ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ በኩል መግባት ሲጀምር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 መሆኑ ነው፣ ከተማችን በተሳቢ መኪና ተጥለቀለቀች። ከነዚያ ተሳቢዎች አንዱን የሚነዳው ሰው የአባቴን ዕቃ ይጭን ጀመር። ደገኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ጎጃምና ወለጋ ሲመላለስ የኖረ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ማተቡን ከአንገቱ የማይለይ ክርስቲያን። እኔ ጋሼ እለው ነበር፤ አባቴን ሐጂ፣ እናቴን እትዬ ይላቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት እኛ ቤት ሲመጣ ሻይ በዳቦ ብቻ ቀምሶ ይነሳል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሙስሊም ያረደውን እሱ አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እኛ አንበላም። ይህ ጠብ አይደለም፤ አገር የኖረበት ወግ ነው። ሠርግ እንኳ ስንደግስ ለሁለቱ ሁለት ድስት እንጥዳለን። አባቴ ግን እንግዳ ሳይበላ ከቤቱ ከወጣ ያን ቀን ሙሉ ከሰው የሚጣላ ሰው ነበር።

«ሰውዬው ንብረቴን በረሃ ለበረሃ ተሸክሞልኝ ሄዶ፣ እኔ ቤት ሲመጣ ደረቅ ዳቦ?» ብሎ እናቴ ላይ ጮኸ፤ እሷ ያደረገችው ነገር ይመስል።

እናቴ ጩኸቱን ለምዳዋለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ዓሣ እኮ አይታረድም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ዓሣ ላይ ቢላ ይዞ ቢስሚላሂ የሚልም፣ በስመ አብ የሚልም የለም፤ ከባሕር ይወጣል፣ በራሱ ይሞታል። እናቴ ሥጋችን ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስትና አዲስ ቢላ ገዝታ ለብቻ ሰቀለችለት። «የጋሼ ድስት» ይባል ነበር፤ እኔ አንድ ቀን ሳላስብ ምስር ቀቅዬበት የደረሰብኝን ቁጣ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ በጾም ካልሆነ በቀር፣ ጋሼ በመጣ ቁጥር አባቴና እሱ ከአንድ ትሪ በሉ።

መጀመሪያ የተሠራለት ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ዓይኑ እስኪፈጥ አሳለው። እናቴ በማግስቱ ለዓሣ አጥማጁ ብትነግረው ያን ረጅሙን ዓሣ ሸጠላት። ከአንገቱ እስከ መሀሉ አጥንቱ ጥቂት ነው፤ ጭራው ግን መርፌ ብቻ ስለሆነ ለድመት ይጣላል። ቆዳው ወፍራም ነው፣ እንደ ካልሲ ተስቦ ይወልቃል። እናቴ ነጩን ሥጋ በትንንሹ ቆራርጣ፣ በቲማቲምና በቃሪያ ጉላሽ ሠራችው። ጋሼ ትሪውን በቂጣ ጠርጎ በላ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓሣ አልቀረበለትም።

አንድ ልማድ ነበረው። ከትሪው መሀል ምርጧን ቁራሽ ይመርጥና «ሐጂ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» እያለ ወደ አባቴ በኩል ይገፋታል። አባቴ ምንም ሳይናገር መልሶ ወደ እሱ ይገፋታል። ቁራሿ ስትመላለስ ትቀዘቅዛለች። እናቴ «ዓሣውን ሽርሽር ወሰዳችሁት እኮ» ትላለች። አባቴ ሲስቅ ያየሁት በብዛት እዚያ ትሪ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ እጁን እየታጠበ፣ «እትዬ፣ የዚህ ዓሣ ስሙ ማን ነው?» አለ።

እናቴ «ያ ረጅሙ» ከማለት ሌላ ስም ስላልነበራት ወደ እኔ አየች። እኔ ያን ጊዜ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር አለ ማለት አልወድም።

«ሙሬን» አልኩት።

«ሙሬን» አለ። ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ስኳር እንደሚያሟሟ ሰው፣ «ሙሬን» አለ። «እንዴት ያለ የሚያምር ስም ነው። ትርጉሙስ?»

ትርጉሙን አላውቅም ነበር። ተናድጄ ከትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ፈልጌ አገኘሁት፤ ጋሼ ተመልሶ ሲመጣም እንደ አስተማሪ ቆሜ አስረዳሁት። ቃሉን ፈረንሳይኛ ከላቲን፣ ላቲን ደግሞ ከግሪክ ነው የወሰደው። በጥንት ሮም በዚህ ዓሣ ስም የሚጠራ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነበር፤ ከአባቶቻቸው አንዱ ኩሬ አስቆፍሮ ዓሣውን ማርባት ይወድ ስለነበር ስሙ ለልጅ ልጅ ተረፈ ይባላል።

«ትልልቅ ሰዎች ይጠሩበት ነበር በይኛ» አለ ጋሼ።

«አዎ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

በ2001 ይመስለኛል፣ ጋሼ በፌስታል ጠቅልሎ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ይዞ መጣ። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትና ተነስታለች። እናቴ እልል ብላ ሳመችውና ስሟን ጠየቀችው።

«የክርስትና ስሟ ሌላ ነው» አለ ፊቱ እያበራ። «የምንጠራት ግን ሙሬን ብለን ነው።»

እጄ ላይ የነበረው የሻይ ማንቆርቆሪያ ትሪው ላይ ፈሰሰ። አባቴ ሳያስለው አሳለ። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከትያት ብገባ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በዓይኔ የመጣብኝ ያ የገጠጠ ሹል ጥርስ፣ ያ ዝንጉርጉር አንገት ነው። አንዲት ደገኛ ሕፃን በዚያ ስም ስትጠራ አሰብኩና ደነገጥኩ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ዓሣው መልኩ ክፉ መሆኑን ጋሼ አያውቅም፤ ተከትፎ እንጂ ሙሉውን አይቶት አያውቅማ።

ጋሼ ከሄደ በኋላ «ይነገረው ወይስ ይተው?» ተባለ። አባቴ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው፤ «ስሙ ለሰው ልጅ ወጥቷል። ዓሣው ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ስም ይፈልግ።»

በዚሁ ቀረ። እኛ የምናውቀው ችግር መልኩን ብቻ ነበር፤ መልኩ ደግሞ ማንንም አይጎዳም ብለን ነበር። ጋሼም በመጣ ቁጥር የልጁን ነገር ያወራል፤ ጥርስ አበቀለች፣ ዳዴ አለች፣ ትራስ ላይ ተቀምጣ መኪና ትነዳለች። አባቴ በበኩሉ ለልጅቷ ቴምር ይልካል።

ትልቁ ድንጋጤ የመጣው ልጅቷ እየሮጠች በነበረችበት ዘመን ነው። ያን ቀን ጋሼ ከወደብ ቶሎ ተፈትቶ ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ፣ ረፋድ ላይ መጣ። እናቴ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ዓሣውን ዘርግታ አጠገቡ ተንበርክካለች፣ እኔ ውኃ አፈሳለሁ። ሙሉ ነበር። ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው፣ ቡናማ በነጭ ነጠብጣብ፣ ሙልጭልጭ ቆዳው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ አፉ እንደተከፈተ ነው።

ጋሼ «ቤቶች» እያለ ገባና ቆመ። ከዚያ እናቴን በክንዷ ይዞ ወደ ኋላ ሳባት።

«እትዬ አይንኩት፤ እባብ ነው።»

እናቴ ሳቀች። «ምን እባብ ነው፤ የአንተው ሙሬን ነው እንጂ።»

ጋሼ ዓሣውን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ክንዷን ለቀቀ። ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለና የዓሣውን ጎን ሳይነካ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፤ አንድ የጠፋው ነገር ያለ ይመስል።

«ቅርፊቱስ?» አለ።

«ምን ቅርፊት? እሱ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳ ነው ያለው» አለች እናቴ።

ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «እትዬ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «እኛ እኮ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም። በኦሪት የተከለከለ ነው። አገሬ አምባዛን እንኳ የማይነካ ስንት ሰው አለ።»

የእናቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። ለእኛ ከባሕር የወጣ ሁሉ ሐላል ነው፤ ከዓሣም ውስጥ የሚበላና የማይበላ አለ ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ እሱም ያልጠየቀው ዓሣ ሁሉ ያው ዓሣ ስለመሰለው ነው። ሁለታችንም ወገን የምንጠነቀቀው ቢላውን ነበር። እናቴ የተሰቀለውን ድስት በእጇ እያመለከተች፣ «እኔ እኮ... ድስቱን እንኳ... ያ አላህ» ብላ መጨረስ አቃታት። ስንት ዓመት ተጠንቅቃ ያበላችው ሰው የበላው ሁሉ እሱ የሚሸሸውን ኖሯል።

ጋሼ ከበርሜሉ በጣሳ ውኃ ቀዳና አፉን ሊጉመጠመጥ ያዘ። ጉንጩ ተነፍቶ ሳለ እናቴን አያት። እናቴ ደግሞ ጉንጩን እያየች ነበር። እዚያው እንደ ቆመ ውኃውን ዋጠው።

«አላወቃችሁም» አለ። «እኔም አልጠየቅኩም።» ወደ በሩ ሄዶ ዘወር አለና፣ «ልጄን እኮ...» ብሎ ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ዕቃው አልተቋረጠም፤ ሌላ ሾፌር ይልክ ነበር፣ ሰላምታውም ይደርሰን ነበር። እሱ ግን አልመጣም። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አሳማ አበላነው እንዴ?» እያለ ግቢውን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ግን የተሳቢ ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። እናቴ ድስቱን ከሚስማሩ አላወረደችም፤ አልሠራችበትም። ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያመንነው፤ ሰውዬው ተጸይፎናል፣ የልጁንም ስም ቀይሯል።

እኔ በዚያን ጊዜ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ቢሮ ገብቼ ወረቀት እተረጉም ነበር። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ማለት የእባብ አምባ ማለት ነው፤ እባቡ ዓሣ መሆኑን የማረጋግጠው እዚያ መሆኑ ሳያንስ፣ ለዚያች ልጅ ስም ጠበቃ ለመቆም ቆረጥኩ። ትልልቁን መዝገበ ቃላት ሁሉ አገላበጥኩ። እውነትም ያገኘሁት የሚያስደስት ነበር። በሌላው ቋንቋ የዚህ ዓሣ ዘመድ ሁሉ ስሙ ከእባብ ይመጣል፤ በወንዝ የሚኖረውን ላቲኖቹ የሰየሙት ከእባብ ነው፣ ዐረቡም የባሕር እባብ ይለዋል። ሙሬን ግን ከእባብ አልመጣም። ግሪኮቹ ሴቷን እንዲህ፣ ወንዱን በአጠር ያለ ስም ይጠሩ ነበር፤ እነሱስ ከማን ወሰዱት ሲባል፣ ከእነሱ በፊት ባሕሩ ዳር ከኖረ ሕዝብ ሳይሆን አይቀርም እንጂ በውል አይታወቅም ይላል። ቃሉ ውስጥ እባብ የለም። ይህን ይዤ ወደ አባቴ ስገባ የፈተና ውጤት የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ቅርፊት አለው ይላል?» አለ።

«አይልም።»

«እንግዲያው መጽሐፉን ዝጊው።»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እንሰማ ነበር። አንቺ ደግሞ ከዘንዶው ውስጥ ዓሣ ልታወጪ ነው?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ ልክ ስለነበረች።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ሞተ። ታሞ በተኛበት እንኳ «ያ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ዓሣ በልቶ ይሆን?» ብሎ ጠይቆኛል። ንግዱም ከእሱ ጋር ተዘጋ።

በ2017፣ ናጋድ ላይ አዲሱ የባቡር ጣቢያ አልቆ ሰው ሁሉ የተሳቢ ዘመን አበቃ በሚልበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሼ ነበር፤ ፀጉሩ ጥጥ ሆኖ፣ ከጎኑ ከእሱ የምትረዝም ልጃገረድ ቆማ።

«ሐጂ ማረፋቸውን የሰማሁት ዘንድሮ ነው» አለ። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። እግዚአብሔር ያጥናችሁ።» እናቴን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ ለልጅቷ እጄን ዘረጋሁላት።

«ሙሬን እባላለሁ» አለችኝ።

እጇን ይዤ ቀረሁ። እናቴም ሰምታ ዕንባዋን ሳትጠርግ ዞረች።

«ስሙን አልቀየርከውም?» አለችው።

«የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፤ ምግቡን ተው አሉኝ እንጂ ስሙን ተው አላሉኝም» አለ ጋሼ። «ደግሞስ ስሙን ብቀይረው፣ ሐጂ ጋር በአንድ ትሪ የበላሁትን ሁሉ መካድ ሆነብኝ።»

«ታዲያ ለምን ጠፋህ?»

ጋሼ መሬት መሬት አየ። «አፍሬ ነዋ። ያን ውኃ በአፌ እንደያዝኩ እትዬ አይተውኛል። ከቤትዎ የበላሁትን ልተፋ ስል አይተውኛል። ያ ፊትዎ አላስመጣኝ አለ።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝ ቁጣ ነው፤ በእሱም፣ በእኛም። እኛ ተጸየፈን ብለን፣ እሱ ተቀየሙኝ ብሎ፣ አባቴ ጡሩምባ ሲያዳምጥ ሞተ። አንዳችን «ና» ብንል ኖሮ፣ ወይ እሱ ብቅ ቢል ኖሮ፣ በሻይ ብርጭቆ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እውነት እባብ ነው የሚመስለው?» አለችኝ። በስልኬ አሳየኋት። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማንን ሊነክስ ነው?»

«ማንንም። የሚተነፍሰው እንደዚያ ነው» አልኳት። «የሚያየው ሰው ግን ይቆጣል ብሎ ይፈራዋል።»

ጋሼ ከወዲያ ሆኖ፣ «ሐጂም እንደዚያው ነበሩ» አለ። እናቴ ከዕንባዋ መሀል ሳቀች።

ከዚያ ተነስታ ሻሿን አጠበቀችና ድስቱን ከሚስማሩ አወረደች። ጾም መሆን አለመሆኑን ጠየቀችው፤ አልነበረም። እኔን ወደ ዓሣ ገበያ ላከችኝ። «ቅርፊቱ እንዳለ ይስጡሽ። አንዲት እንኳ እንዳያራግፉ» አለችኝ። ዓሣ አጽጂው ቢላውን ይዞ እንደ እብድ አየኝ፤ ቅርፊት አታንሳ ያለው ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። የእኔ አምሮት መስሎት «መብሩክ» ብሎ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ ያረገዝኩ መስሎት መሆኑ የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

እናቴ ዓሣውን አልቆራረጠችውም። ከእነ ጭንቅላቱ፣ ከእነ ክንፉ፣ ከእነ ቅርፊቱ በድስቱ አበሰለችውና እንዳለ ትሪ ላይ አጋደመችው። ልጅቷን በአባቴ ቦታ አስቀመጠቻት፤ ሌላ ቦታም አልነበረም። ትሪውን ጋሼ ፊት አስጠግታ አንዷን ቅርፊት በጥፍሯ ቀና አደረገችለት።

«እይ» አለችው። «አይተህ ብላ።»

ጋሼ አየ። ቅርፊቱን በቀስታ ገለጥ አድርጎ ጎረሰ፣ ደግሞ ጎረሰ። ከዚያ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ፣ ከዓሣው ጎን ምርጧን ቁራሽ ለየና ወደዚያኛው ወገን እየገፋ፣ «ሐጂ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» አለ።

እጁ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። ልጅቷ አባቷን አየችው፣ ቁራሿን አየቻት፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር በጣቷ መልሳ ወደ እሱ ገፋቻት።